ጓጉንቸር የሌለው በር

አንድ ሰው ነበረ። እህል ነጋዴ ነበረ፤ ሀብታም ነበረ፤ ሀብታም መሆኑንም ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም ነበር።

ናሁሰናይ፣ ጥያቄህን ለመሸሽ አይደለም ስለ ሌላ ሰው የማወራልህ። ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ አስበሃል፤ ለቤተሰብ ጉዞ የትኛው ወር እንደሚሻል ልትጠይቀኝ መጣህ። ዝናቡን፣ ሙቀቱን፣ የትምህርት ቤቱን ዕረፍት፣ የአየር ማረፊያውን ግርግር ሁሉ ዘርዝረህ «አስተማሪዬ ነበሩና እርስዎ አመዛዝነው ይንገሩኝ» አልከኝ። እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ሰው ስማኝ።

ይህ ሰው በከተማው ትልቁን ግቢ አጥሮ ትልቁን በር አስገጠመ። በሩ ባለ ሁለት ክንፍ ብረት ነው፤ የጭነት መኪና ከነጭነቱ ያስገባል። ከውስጥ በኩል የሰው ክንድ የሚያህል መቀርቀሪያ አለው። ከውጭ በኩል ግን ምንም የለውም፤ ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበት ቀለበት እንኳ አልተበየደለትም። በሩን የሠራው በያጅ ይህን አይቶ «ጌታዬ፣ ከውጭስ በምን ይቆለፋል?» ብሎ ጠየቀው። ባለጸጋው ሳቀበት። «የኔ ቤት ከውጭ አይቆለፍም። ሁልጊዜ ሰው አለበት» አለው።

ያ «ሰው» የተባለው እህቱ ነበረች።

ታላቅ እህቱ ናት። ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ገባች። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። በኛ አገር ጥቂት ጊዜ የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የወንድሟን ልጆች አዝላ አሳደገች። መጋዘን ውስጥ ነቀዝ ሲገባ ቀድማ የምታየው እሷ ናት፤ ላሚቱን የምታልበው እሷ ናት፤ እንግዳ ሲመጣ መቀርቀሪያውን የምትስበው እሷ ናት። ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ወንድሟ እትዬ፣ የወንድሟ ሚስት እትዬ፣ ልጆቹ እትዬ፣ ኩንታል የሚያወርዱት ወዛደሮች ሳይቀሩ እትዬ። የአክብሮት መጠሪያ ነው። አክብሮት ግን አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚቀበርበት አፈር ይሆናል።

ልጇ አድጋ አገባች። ባሏ ባሕር ማዶ፣ አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ሥራ ነበረውና ይዟት ሄደ።

ባለጸጋው ቤተሰቡን ሰብስቦ በየዓመቱ ወደ ውጭ ይጓዝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለእህቱም ፓስፖርት አወጣላት። «አብረን ነው የምንሄደው፤ በዚያው ልጅሽን ታያለሽ» አላት። እሷም ፓስፖርቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠች። የመሄጃው ሳምንት ሲደርስ «ቤቱስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንሺ የለውም። ሲነሣ ግን ሁሉም ወደ አንድ ሰው ያያል።

እሷ ቀረች።

በሌላው ዓመት በኅዳር ሄዱ፤ አዲስ እህል የሚረከብ ያስፈልጋል ተብሎ ቀረች። በሌላው ዓመት በጥር ሄዱ፤ ጥር የሠርግ ወር ነውና በዘመድ ሠርግ ከዚህ ቤት አንድ ሰው መታየት አለበት ተብሎ ቀረች። በሌላው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሄዱ፤ ላሚቱ ልትወልድ ነው ተብሎ ቀረች።

በዚያ ዓመት ልጇም ልትወልድ ነበር።

ይህን ስነግርህ ፊትህን አታዙር። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ይህ ካልሆነ እናት ወደ ልጇ ትሄዳለች። እኛ የምናውቀው ይህን ነው። እህቲቱ የአጥሚቱን እህል ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ አዘጋጅታ ነበር። ላሚቱ በሰላም ወለደች። ልጅቷ ግን በሰው አገር ስታምጥ ቋንቋዋን የሚሰማ አንዲት ሴት አጠገቧ አልነበረችም። ሕፃኑ በማግሥቱ ሞተ። የአጥሚቱ ዱቄት እንስራ ውስጥ እንደተቀመጠ ነቀዘ።

ባለጸጋው ከጉዞው ሲመለስ ለእህቱ ሽቶ አመጣላት። አቅፎም አጽናናት። «ተራሽ ይደርሳል፣ እትዬ» አላት።

ይህችን ቃል እኔም አውቃታለሁ። በተማርኩበትና ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ የሚላክ ሰው ሲመረጥ «አንተ ክፍሉን ያዝልን፣ ተራህ ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። የሄዱት ዶክተር ሆነው ተመለሱ። ክፍሉን የያዝኩት እኔ «ያ የድሮው» ተባልኩ። በቃ፤ ስለኔ አይደለም የማወራህ።

ሌላ ዓመት መጣ። የጉዞ ምክክሩ እንደ ወትሮው ምሳ ላይ ተጀመረ። እህቲቱ ሳህን ታመላልሳለች።

«መጋቢት ይሁን» አለ ትልቁ ልጅ። «ያኔ እዚያ ሁሉ ነገር አበባ ነው ይላሉ።»

«ሁዳዴ ላይ?» አለች እናቱ። «በሰው አገር ምን እየበላን ልንጾም ነው? አንተስ አበባውን ትግጣለህ።»

«ጥር ላይስ?»

«ጥር እንዳትለኝ! ዘመዱ ሁሉ ልጁን ይድራል። ዘንድሮም ካልተገኘን ነገ አንተን ስንድር ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ብቻ ነው የሚቀመጠው።»

«ኅዳርን በዚህ ቤት የሚያነሣ እንዳይኖር» አለ ባለጸጋው። «ባለፈው በኅዳር ብሄድ እርጥብ እህል አስገቡብኝ።» ይህን ሲል እህቱን አየ። እሷ ሳህኑን አንሥታ ወጣች።

«እንግዲህ የቀረው ክረምት ነው» አለ ባለጸጋው እህቱ ስትመለስ። «ገበያ የለም፤ ትምህርት የለም፤ ያለው ጭቃ ነው። ሐምሌ ላይ እንውጣ።»

«በዚያ ሁሉ ደመና መሐል?» አለች ሚስቱ አማትባ።

«አውሮፕላኑ ከደመናው በላይ ነው የሚሄደው፣ ሴትዮ! ጭቃ ይይዘዋል ብለሽ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። በዚህ መሐል እህቲቱ ወጥ ያለበትን ሳህን እንደያዘች ቆመችና «ሐምሌን ለኔ ብትተዉልኝ» አለች።

በዚያ ገበታ ላይ አንዳች ነገር ለምና አታውቅም ነበርና ሁሉም ቀና ብለው አዩአት። መጀመሪያ የሳቀው ወንድሟ ነው።

«ሐምሌ የማን ሆነና ነው የምንተውልሽ፣ እትዬ? ርስትሽ ነው እንዴ?»

«ልጄ በሐምሌ ትወልዳለች። ባሏ ቪዛና ትኬት ልኮልኛል። ያለፈውን ታውቃላችሁ።»

«እኛ እስክንመለስ ትኬቱን ገፋ ያድርገዋ» አለች የወንድሟ ሚስት። ክፋት አልነበረባትም፤ ልብ በል፣ ከነዚህ ሰዎች አንዱም ክፉ አልነበረም። «ያኔ ከፈለግሽ ዓመት ቆይተሽ ነይ። ማን ይዞሻል?»

«ትኬቱስ ይገፋል። የማይገፋው ምጡ ነው።»

«አባዬ፣ ዘበኛ ብንቀጥርስ?» አለች ትንሿ ልጅ።

«ዘበኛ ራሱ ዘበኛ ያስፈልገዋል» አለ ባለጸጋው። ሁሉም በዚህ ሳቁ፤ ነገሩም በሳቅ ተዘጋ። ቀጥሎ እጁን ታጥቦ የእህቱን ትከሻ ነካ አደረገ። «እኔ ልሙትልሽ፣ ተራሽ ይደርሳል። ቤት ያለ ሰው አይተውም፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

እውነት ነው፤ እሷ ነበረች ያስተማረችው።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ሻንጣ በመኪና ተጫነ። እህቲቱ ሁለቱን የበር ክንፎች ከፈተችላቸው፤ መኪናው ወጣ፤ ዘጋችው፤ መቀርቀሪያውን ሳበችው። እነሱ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። በሩ ድፍን ብረት ነውና መልሳ ታውለብልብ አታውለብልብ አላዩም።

በማግሥቱ ማለዳ የቤቱ ስልክ ጮኸ። የልጇ ባል ነው። «እማዬ፣ ያለጊዜዋ ምጥ ጀምሯታል። እንደ ባለፈው እየሆነብን ነው። እናቴን ጥሩልኝ እያለች ነው» አላት።

ሴትዮዋ ብዙ አላሰበችም። ብዙ ዓመት አስባ ጨርሳለች። ፓስፖርቷን ከነጨርቁ ከሣጥኗ አወጣች። ለላሚቱ ድርቆሽ ጣለችላት። ለዘንድሮው ያዘጋጀችውን አጥሚት በእቅፏ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከመስቀያው ነጥቃ ጣል አደረገችና ወጣች። ከደጅ ስትደርስ በሩን ልትዘጋ ዞረች።

ያኔ ነው ያየችው። የምትቆልፍበት ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ዓመት ከውስጥ ሆና ስትዘጋው ከውጭ ምን እንደሚመስል ልብ ብላው አታውቅም ነበር። ልሙጥ ብረት ነው። ቀለበት የለው፣ ማንጠልጠያ የለው። ከውስጥ ቀርቅራ በአጥር እንዳትዘል ጉልበቷ አይችልም። ሁለቱን ክንፎች ገጠመቻቸው፤ ቀስ ብለው ተከፈቱ። እንደገና ገጠመቻቸው፤ እንደገና ተከፈቱ። እያለቀሰች ትታቸው ሮጠች፤ መንገድ ላይ ያገኘችው ባጃጅ ላይ ወጣች። የክረምቱ ነፋስ ክንፎቹን አንድ በአንድ ገፍቶ ከግንቡ ጋር አላተማቸው።

ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤት ይህን ሁሉ በመስኮት አየች። ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። እህቲቱ በችኮላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳው ኖሯል፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ነጠላ የሚዘቀዝቅ ሐዘንተኛ ብቻ ነው። ደግሞ ታለቅሳለች። ደግሞ ያ ተከፍቶ አድሮ የማያውቅ በር በማለዳ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤተሰቡ ደግሞ ትናንት በአውሮፕላን ተሳፍሯል። ጎረቤቲቱ ደረቷን ደቃች። «አለቁ!» ብላ ጮኸች። «ሁሉም አለቁ!»

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ከረፋዱ በፊት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ተደረደረ፤ ንፍሮ ተጣደ።

ሳይጠይቁ እንዴት? ትለኛለህ። አንተ በለቅሶ ቤት ደጃፍ ቆመህ «ማን ሞተ? ማስረጃ አላችሁ?» ብለህ ታውቃለህ? በኛ አገር ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሰማል። ደውለው ለምን አላጣሩም? ወደ ሞተ ሰው ስልክ ማን ይደውላል?

ባለጸጋው ተለቀሰለት። አንዷ አስለቃሽ ተነሥታ «እጀ ሰፊው! ለድሃ አትርፎ ሰፋሪው!» አለች።

«አዎ፣ ሲሰፍር አውራ ጣቱ ከነእጁ ቁናው ውስጥ ነበር» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ዝም በል፣ ሙት አይወቀስም።»

«እኔ ጣቱን ነው እንጂ እሱን መቼ ወቀስኩ!»

ወደ ባለጸጋው እንመለስ። የሄዱበት አገር ቀዝቃዛና ሐይቅ ያለበት ነበር። ያን ያህል የተመከረበት ወር እዚያም ዝናብ ሆኖ ጠበቃቸው፤ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው መስኮት ያያሉ። በሁለተኛው ቀን ባለጸጋው መጋዘኑ ትዝ አለውና ጣራው እንዳያፈስ ለእህቱ ሊነግራት ወደ ቤቱ ደወለ። ስልኩ ተነሣ። የሰማው ጩኸትና ዋይታ ነው።

«ማነው? ምንድነው?» አለ።

አንድ የማያውቀው ድምፅ «ለቅሶ ቤት ነው፣ ወንድሜ። ልትመጣ ከሆነ ነጠላህን ዘቅዝቀህ ና፤ ካልሆነ መስመር አትያዝብን» አለና ዘጋው። ደግሞ ሲደውል የሚያነሣ አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ ያለችው እህቱ ብቻ ናት። እንግዲህ የሞተችው እሷ ናት። ባለጸጋው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነችና «ታዲያ አሁን ቤቱን ማን ይጠብቀዋል?» አለች።

ናሁሰናይ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምጠላው ቃል ይህን ነው። ይህን ያለችው ሴት ክፉ አይደለችም። ወዲያው ደንግጣ አልቅሳለች። ግን መጀመሪያ የወጣው ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ደግሞ ውስጥ የኖረው ነው። ከሁሉ አምርራ ያለቀሰችው ትንሿ ልጅ ናት፤ አንሶላ ውስጥ ገብታ «እትዬ፣ እትዬ» ስትል አደረች።

ጉዟቸውን አቋርጠው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ከነሻንጣቸው፣ እየተነፋረቁ፣ በተከፈተው በር ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ንፍሮ የያዘችው ሴት ሰፌዱን ለቀቀችው። አስለቃሿ በጀመረችው ቃል ላይ አፏ ተከፍቶ ቀረ። አንዱ አማተበ፤ አንዱ በድንኳኑ ገመድ ላይ ተደናቅፎ ወደቀ።

«እህቴን!» ብሎ ጮኸ ባለጸጋው። «እህቴን እንዴት ሳልሰማ ቀበራችኋት!»

«የምን እህት?» አለ የእድሩ ዳኛ። «እኛ የምናለቅሰው አንተን ነው።»

«እኔን?»

«አንተን፣ ሚስትህን፣ ልጆችህን። በአውሮፕላን አልሞታችሁም እንዴ?»

«እኔማ ይኸው አለሁ!»

«እሱንስ አሁን አየን» አለ ያ ሽማግሌ ከኋላ። «ይቅርታ አድርግልን።»

ሳቅ ተነሣ። በሕይወት ላለ ሰው የተለቀሰ እንባ ሁሉ ወደ ሳቅ ተቀየረ፤ ሰው ባለጸጋውን እያገላበጠ ሳመው። ከቤቱም ማንኪያ አልጎደለም፤ ላሚቱም ታልባለች፤ መጋዘኑም ደርቋል። ያ ሁሉ «ሌባ» እየተባለ የተፈራ ሰፈር ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ሲጠብቅለት ነው የሰነበተው። የእድሩ ዳኛ ግን አልሳቀም።

«ዘርፈሽዋልስ?» አለ።

የባለጸጋው ልጆች ተያዩ። «ዘርፈሽዋል ማን ናት?» አለ ትልቁ ልጅ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ለመስማት እኔ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

«ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችህ ናት» አለው ዳኛው። ወደ አባትየው ዞረ። «እህትህ የት ናት?»

«ምናልባት… ልጇ ጋ ሄዳ ይሆናል።»

«ልጇ የት ነው ያለችው?»

«ባሕር ማዶ።»

«ባሕር ማዶ የት? በምን ስልክ ትገኛለች?»

ባለጸጋው አያውቅም። ሚስቱን አየ፤ እሷም አታውቅም። የየአገሩን የአየር ጠባይ በየወሩ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች የእህታቸው ልጅ የምትኖርበትን ከተማ ስም አያውቁም።

የቤቱ ስልክ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። ባለጸጋው ሮጦ አነሣው። ሰው ሁሉ ተከትሎት ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ ነኝ» አለች። ድምጿ ለሁሉም ተሰማ። «ደረስኩላት። ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

በዚህ ጊዜ የሚባለውን በኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እንኳን ማርያም ማረቻት ይባላል። ሰው ሁሉ ከባለጸጋው አፍ እሱን ሲጠብቅ፣ እሱ ግን ፈርቶ የከረመው፣ አፍሮ የቆየው ሁሉ አንድ ላይ መጣበትና ጮኸ፦

«ቤቱን ለማን ጥለሽ ነው የሄድሽው? አንቺ ሰው! ለምን አልቆለፍሽውም?»

ከስልኩ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

«በምን?» አለች።

 ባለጸጋው ዞር ብሎ በተከፈተው መስኮት ትልቁን በር አየ። ልሙጡን ብረት አየ። ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ከኋላው የእድሩ ዳኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለ። ለለቅሶ የተሰበሰቡት ሴቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ እልል አሉ።

በማግሥቱ ባለጸጋው ያንን በያጅ አስጠራ። በያጁ መጥቶ በየክንፉ አንድ አንድ ቀለበት በየደ። ጓጉንቸር ከገበያ መጣ፤ ተንጠለጠለ፤ ተቆለፈ። ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ። ፊት ለፊት የምትኖረው ጎረቤት ወጥታ ስታይ ቆየችና «ይኸው ነው እንዴ?» አለች። «የሴትዮዋን ዕድሜ የፈጀው ነገር ይቺን ያህል ነበር?»

አዎ፣ ይቺን ያህል ነበር። ከምሳ በፊት የሚያልቅ ሥራ።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ ናሁሰናይ። ባለጸጋው አንተ ነህ። አትቆጣ፤ መጋዘን የለህም፣ ጣትህንም ቁና ውስጥ አታስገባም። ግን ስትጠይቀኝ ሰምቼሃለሁ። የሚሄዱትን አንድ በአንድ ስትቆጥርልኝ ሚስትህን ቆጠርክ፣ ልጆችህን ቆጠርክ፣ የሚስትህን ወንድም ሳይቀር ቆጠርክ። እናትህን ግን አልቆጠርካትም። እሷን የጠራሃት በመጨረሻ ነው፤ ሻይህን እየጠጣህ፣ በዚያው ትንፋሽ «ቤቱን እማማ ትጠብቃለች» አልክ። ስትናገረው ድምፅህ አልተለወጠም። በያጁን «ሁልጊዜ ሰው አለበት» ሲለው የዚያም ሰው ድምፅ አልተለወጠም ነበር።

«እማማ እኮ መሄድ አትወድም» ልትለኝ ነው። ጠይቀሃታል? መቼ? ምን ብለህ? ሳህን ስታነሣ ነው ወይስ ቁጭ ብላ? አንተን የወለደች ሴት በዚህ ዓለም ልታየው የምትፈልገው አንድ ቦታ፣ አንድ መቃብር፣ አንድ ሰው እንዳለ ታውቃለህ? አታውቅም። የአውሮፕላኑን ወረፋ ግን ታውቃለህ።

እኔ ይህን የምነግርህ ጥሩ ሰው ስለሆንክ ነው። በር ላይ ያስቀሩኝም ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ሲመለሱ ሽቶ ያመጡልኝ ነበር።

ስለ ወር ጠየቅኸኝ። ለሚሄድ ሰው ወር ሁሉ ጥሩ ነው፤ ቢዘንብበት እንኳ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። ወር የሚከፋው ለሚቀረው ነው። ስለዚህ ከኔ ቤት ወጥተህ ቀን መቁጠሪያ አትግለጥ። መጀመሪያ ወደ ገበያ ሂድና ጓጉንቸር ግዛ። ወደ ቤትህ ይዘኸው ግባ፤ እናትህ እጅ ላይ አስቀምጠው።

ወሩን እሷ ትንገርህ።